ቀይዋ ዲኤክስ አራስ ሳለች

ኢታና መዳፉን ከመኪናዋ ኮፈን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ በአየር ላይ አንሸራተተው። አልነካትም። የመካኒሳው ጋራዥ ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ያያሉ። አሮጌዋ ዲኤክስ በሰኞ ጠዋት ፀሐይ እንደ በሰለ ቲማቲም ታበራለች።

«ጋሽ በኃይሉ፣ እንዳይሸወዱ» አለ ቀለም ቀቢው። «ከላይ ሲያዩዋት የደረቀች ትመስላለች። ከሥር ግን ገና ናት። ቀለም ሲነኩት ዝም ይላል እንጂ ይቀየማል።»

በኃይሉ ወረቀት ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። ያገኘው የልጁን የያኤልን የሰርግ መጥሪያ ነበር። ገልብጦ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ተማሪ መጻፍ ጀመረ።

«ሠላሳ ቀን ይጠብቋት» አለ ኢታና። «ላቫጆ ደጃፍ እንዳትደርስ። አቧራ ሲይዛት ጥላ ውስጥ አቁመው፣ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ። ሳሙና የለም። ሰምና ፖሊሽ ለሦስት ወር ይርሱት። ሸራ አያልብሷት፣ መተንፈስ አለባት። ዛፍ ሥር አያሳድሯት። ወፍ ኩሱን ከጣለባት ሳይደርቅ አርጥበው ያንሱት፣ ታዲያ እንዳይፈትጉ! ደግሞ ምንም ነገር አይለጥፉባት።»

«ምንም?» አለ በኃይሉ እስክሪብቶውን አንስቶ።

«ምንም። ፕላስተር፣ ስቲከር፣ ሪባን... የሰው እጅም ቢሆን።»

«ሰርግ አለብን እኮ! የሙሽራ መኪና እሷ ናት።»

«መቼ?»

«የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን።»

ኢታና መኪናዋን አየ፣ በኃይሉን አየ፣ ከዚያ የቀለም ነጠብጣብ የሞላበትን ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «እንግዲህ አራስ ናት» አለ በመጨረሻ። «አራስ እንዴት እንደሚያዝ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።»

በኃይሉ ያልተጻፈበት ሌላ መጥሪያ አውጥቶ እጁ ላይ አኖረለት። «አንተም ትመጣለህ። የኳልካት አንተ ነህ።»

በኃይሉ ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቶ፣ አንድ ጭረት ሳያስመዘግብ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መኪናውን ለዚህ የዳረጋት ደስታ ነው። በየካቲት ወር የሙሽራው የቃለሕይወት ሽማግሌዎች ያኤልን ሊጠይቁ መጡ፤ ተጠየቀ፣ ተመለሰ፣ ተጸለየ፣ ልጅቱ ተሰጠች። በኃይሉ ለስላሳ ላምጣ ብሎ ወጣ። ሲመለስ መዝሙሩን ለቆት እየዘመረ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የገባበትን የራሱን በር ስቶ፣ የግራ ጎኗን ከፓራፋንጎው እስከ ኋላ በሯ ድረስ በኮንክሪቱ ምሰሶ ላይ አሻት። ሽማግሌዎቹ ድምፁን ሰምተው ሲወጡ እየሳቀ ወርዶ አንድ በአንድ አቀፋቸው።

«ባልሽ ቀምሷል እንዴ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ ውብነሽን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው።

«ለስላሳ ነው ያመጣው» አለች ሚስቱ። «እሱንም ገና አልከፈተውም።»

ከዚያ በኋላ ባትላሜራው ቆርቆሮውን ሲያቃና፣ ስቱኮ ሲለጠፍና ሲላግ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የቀለሙ መርጫ ሲቆም፣ ሚያዝያ አለቀ። የቃለሕይወት ጓደኞች ረጅም ነጭ መኪና እንከራይላችሁ ቢሉ ያኤል እምቢ አለች። ከተወለደችበት ሆስፒታል ወደ ቤቷ የመጣችው በዚያች ዲኤክስ ነው። ሙሽራም ሆና የምትወጣው በእሷ እንደሆነ የወሰነችው ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነበር፤ ያኤል ደግሞ የወሰነችውን አትረሳም።

በኃይሉ ከጋራዡ እስከ መካኒሳ አቦ ያለውን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ ጨረሰው። ግቢ ሲደርስ ሚስቱን በሩ ላይ አቁሞ ትእዛዙን ከመጥሪያው ጀርባ አነበበላት። ሳሙና አይነካትም፣ ዛፍ ሥር አታድርም፣ ሰው አይደገፍባትም፣ መተንፈስ አለባት።

ውብነሽ ወገቧን ይዛ አዳመጠችው። «እኔ ያኤልን ወልጄ በሰባተኛው ቀን ልብስ አጥቤአለሁ» አለች። «ለእኔ ሠላሳ ቀን ማን ቆጠረልኝ?»

በኃይሉ መጥሪያውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ በአጥር ወጣ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው መጡና መኪናዋን በሩቁ ከበው «እንኳን ማርያም ማረቻት!» አሉ። «ገንፎው የት አለ?» አለች አንዷ። ውብነሽ በሳቅ ሆዷን ይዛ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ችግሩ ጥላው ነበር። በግቢው ውስጥ ጥላ የሚባለው ከአጥር ወዲያ የተንጠራራው የጎረቤታቸው የጋሽ ገብረ መድኅን አቮካዶ ብቻ ነው። አቮካዶው በዚያ ሰሞን ፍሬ ይዞ ቅርንጫፉ ጎብጧል። ሰኞ ማታ አንዱ ፍሬ ከመኪናዋ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ «ዱብ» ሲል በኃይሉ ራቱን ትቶ ወጣ። ማክሰኞ ጠዋት ከጋሽ ገብረ መድኅን ጋር በአጥሩ ላይ ተነጋገሩ። ገብረ መድኅን ነገሩን ሰምተው ዝም አሉ፤ ሰውየው ዝም ካሉ ደግሞ እሺ ማለታቸው ነው። እኩለ ቀን ላይ መሰላል አቁመው ዛፉን አንድ ሳያስቀሩ ለቀሙት። ሰባት ከረጢት ጥሬ አቮካዶ በበሩ ገባ።

«ለሰርጉ ይበስልላችኋል» አሉ። «ካልበሰለም ለሚዜዎቹ አብሉት።»

የቀሩት ርግቦች ነበሩ። በኃይሉ ጠዋት ጠዋት አሮጌ ጃንጥላ ይዞ በመኪናዋ ዙሪያ ይዞራል፤ ሲያርፉ ጃንጥላውን «ቧ» አድርጎ ይከፍተዋል። ርግቦቹ በሁለተኛው ቀን ለመዱት። በሦስተኛው ቀን አንዷ ጃንጥላው ላይ አረፈች። አንድ ጊዜ ብቻ ኮፈኗ ላይ ጠብ አለባት፤ በኃይሉ በእርጥብ ጥጥ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የሕፃን ዓይን እንደሚጠርግ ሰው አነሳው። ሲጨርስ ቀና ብሎ ሳቀ። ልጅ የሚድር አባት በዚህ ሰሞን ሆዱ ይባባል ሲሉት ነበር፤ እሱ ግን ለመባባት ጊዜ አላገኘም።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ከሆሳዕና ዘመድ መጣ፤ በአንድ ሚኒባስ አሥራ አምስት ሰው። በኃይሉ በእንግዳና በመኪና መካከል እንደ በረኛ እጁን ዘርግቶ ቆመ። አክስቱ፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው የጸሎት ሴት፣ መኪናዋን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ።

«ልጃችን የምትወጣባት ይቺ ናት? ኑ፣ ሁላችሁም ኑ፣ እጅ ጭነን እንጸልይላት!»

አሥራ አምስት ሰው ሠላሳ እጁን ይዞ ወደ መኪናዋ ተንቀሳቀሰ።

«አክስቴ!» አለ በኃይሉ። «አክስቴ፣ እጅ ሳትጭኑ!»

«እንዴት እጅ ሳንጭን?»

«ከሩቅ። ጌታ ከሩቅም ይሰማል።»

አክስቱ ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው እጃቸውን አቆሙ። ሌሎቹም አቆሙ። እንደዚያ ዙሪያዋን እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው፣ ማንም ሳይነካት፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተጸለየላት። በኃይሉ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአንዱ እጆቹን ሲቆጣጠር ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጸደንያ መጣች። ሰርግ የምታስጌጥ፣ ፈጣን፣ ሳትተነፍስ የምታወራ ወጣት ናት። ሦስት ጥቅል ነጭ ሪባን፣ በመስታወትና በቆርቆሮ ላይ የሚጣበቅ ጎማ፣ አንድ ካርቶን ፕላስተርና ሁለት ባልዲ ሙሉ አበባ ይዛለች። ፕላስተሩን በጥርሷ ቆርጣ ወደ ኮፈኑ ስትራመድ በኃይሉ ከፊቷ ቆመ።

«የእኔ ልጅ፣ አይሆንም።»

«ጋሼ፣ እኔ ከሦስት መቶ በላይ መኪና አስጊጫለሁ። ነገ ማታ ሳነሳው ምልክት የለውም።»

«ቀለሙም አብሮ ይነሳል።»

«ታዲያ የሙሽራ መኪና መሆኗ በምን ይታወቃል? ባዶዋን ልትሄድ ነው? ሰው ምን ይላል?»

ያኤል ጠጉሯን በቢጎዲን እንደ ጠቀለለች ከቤት ወጣች። በኃይሉ ታለቅሳለች ብሎ ነበር። እሷ ግን እጁን የዘረጋ አባቷንና ፕላስተር በጥርሷ የያዘችውን ጸደንያን ተራ በተራ አይታ ሳቅ አፈናት፤ ቢጎዲኖቹ አንድ ሁለት እያሉ እስኪወድቁ ድረስ ሳቀች።

«አባዬ» አለች ትንፋሿ ሲመለስ፣ «ደጇን ከከለከልከን ውስጧን ትከለክለናለህ?»

«ውስጧን?»

«አበባውን ውስጥ እናድርገዋ!»

ጸደንያ ፕላስተሩን ከአፏ አወጣች። ዓይኗ ሲበራ በኃይሉ አየው። ሁለት ሰዓት ሠራች። ነጭ ጽጌረዳ ከጣሪያው ተንጠለጠለ፣ በኋላው መስታወት ሥር ተነጠፈ፣ በመቀመጫዎቹ ጀርባ ተጠመጠመ። በየመስኮቱ አበባ እያጮለቀ ቀይዋ ዲኤክስ ተጨማሪ ጌጥ ሳይነካት ቀረች። ጸደንያ ራቅ ብላ አየቻትና ስልኳን አውጥታ አሥር ጊዜ ያህል ፎቶ አነሳቻት። «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የማስጌጠው» አለች። «የኔ ፈጠራ ነው እላለሁ፣ እንዳትናገሩ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ጣጣ ተነሳ። በኃይሉ በአዲሱ ሱፉ መሪው ፊት ሄዶ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ።

«የሙሽሪት አባት ሹፌር ይሆናል? የት ያለ ነገር ነው?»

«እኔ ነኝ የምነዳት» አለ በኃይሉ። «ሌላ ሰው ከነዳት መዝሙሩን ትቼ መንገዱን ነው የማየው።»

ያኤል በቬሎዋ፣ ቃለሕይወት በጥቁር ሱፉ፣ በአበባው መሃል ተጣጥፈው ከኋላ ገቡ። ቃለሕይወት ረጅም ነው፤ አንድ ጽጌረዳ በቀጥታ አፍንጫው ላይ ወደቀ። ጀርመን አደባባይ ሳይደርሱ ማስነጠስ ጀመረ።

«ይማርህ» አለ በኃይሉ በመስታወቱ እያየው።

«አሜን፣ ጋሼ... ሃጥሺ!»

«አበባውን እንዳታነቅለው» አለች ያኤል እየሳቀች። «ተሠርቶበታል።»

በኃይሉ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነዳ። ከኋላው አጀቡ ክላክሱን እየነፋ ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን በሸራ በተሸፈነ አይሱዙ ላይ ቆመው ይዘምራሉ። ታክሲዎች እየቀደሙት ሄዱ፣ አንድ አህያ የሚጎትተው ጋሪም ሊቀድመው ምንም አልቀረው። ለቡን ሲያልፉ ሰማዩ ጠቆረ። ሀይሌ ጋርመንት መገናኛው ላይ ሲደርሱ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ቆሟል። ያኔ አንድ ነገር ኮፈኗ ላይ «ቋ!» አለ።

በኃይሉ ጎንበስ ብሎ አየ። የሽንብራ ፍሬ የምታህል በረዶ ቀዩ ቀለም ላይ ትንከባለላለች። ሁለተኛዋ ባቄላ ታህል ነበር።

መጠለያ የሚባል አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ ማዶ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የሱቆቹ ታዛ በሰው ሞልቷል። በኃይሉ መሪውን ጨብጦ ቀረ። ያን ጊዜ ከኋላ ካለው ሚኒባስ ኢታና በአዲስ ሸሚዙ ዘሎ ወርዶ ወደ አይሱዙው ሲሮጥ በመስታወት አየው። የመዘምራኑ መሪ ደገፋ፣ ድምፁም ትከሻውም የሰፋ ሰው፣ ከላይ ሆኖ ሰማው። ወዲያው ሁለቱ የሸራውን ገመድ መፍታት ጀመሩ።

ሐምራዊ ቀሚስ የለበሱ አሥራ ስድስት መዘምራን ሸራቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈው፣ በበረዶው ውስጥ እየሮጡ መጡና በዲኤክሷ ላይ ዘረጉት።

«እንዳይነካት!» ኢታና በዙሪያቸው ይሮጣል። «ከፍ! ከፍ አድርጉት! ሸራው እንዳይነካት! አንተ ረጅሙ፣ ወደ መሃል!»

በረዶው ሸራውን እንደ ከበሮ መታው። መዘምራኑ በሁለቱም እጃቸው ስለያዙ ፊታቸውን የሚሸፍኑበት አልነበራቸውም፤ ጣታቸው ላይ፣ ግንባራቸው ላይ ይወርድባቸዋል። አንዷ «ዋይ!» ብላ ጮኸችና በዚያው መዝሙሩን አነሳች። ሌሎቹ ተቀበሏት። በኃይሉ መስኮቱን አውርዶ ጭንቅላቱን አወጣ።

«ተዉት!» አለ። «ልጆች፣ ተዉት! መኪና ናት እኮ! ቆርቆሮ ናት! ግቡ፣ ትጎዳላችሁ!»

ማንም አልሰማውም፤ የሰማውም አልታዘዘውም። ደገፋ ብቻ ጎንበስ ብሎ «ጋሽ በኃይሉ፣ አንደኛ ማርሽ!» አለው።

የግራው የፊት ጥግ ሲዘምም አንዲት ሴት ከአጀቡ መኪና ወርዳ ያዘችው። ጠጉሯን ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ ተሠርታለች፤ አሁን ፊቷ ላይ ተለጥፏል። ጥልፍ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ በሌላው ሸራውን ወደ ላይ ትገፋለች፣ ትዘምራለች፣ ትስቃለችም። በኃይሉ ውብነሽ መሆኗን ለመለየት ትንሽ ፈጀበት። በወጣትነቱ ሆሳዕና ውስጥ በዝናብ ስትሮጥ ያያትን የሃያ ዓመት ልጅ መስላለች።

ማርሹን አስገባ። ዲኤክሷ እንደ ኤሊ ተንቀሳቀሰች፤ ሸራውም አብሯት ተንቀሳቀሰ። ትራፊክ ፖሊሱ ከነዝናብ ልብሱ መሃል መንገድ ገብቶ ሁለቱንም አቅጣጫ አቆመላቸው። ከታዛው ሥር እልልታ ተነሳ። ሁለት የታክሲ ረዳቶች ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ሮጠው የኋላውን ጫፍ ያዙ። ያኤል የኋላውን መስኮት ከፍታ ግማሽ ሰውነቷን አውጥታ ከመዘምራኑ ጋር ታጨበጭባለች፤ ቃለሕይወት እንዳትወድቅ ቬሎዋን ይዞ ያስነጥሳል።

ቤተ ክርስቲያኑ ታዛ ሥር ሲደርሱ በረዶው ቆመ። የጨዋ በረዶ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ሄደ። መዘምራኑ ሸራውን አውርደው የደም ጠብታ ያለበትን ጣታቸውን እየላሱ ይሳሳቃሉ። በኃይሉ በየተራ እጃቸውን ይዞ አመሰገነ። ኢታና ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ መኪናዋን ዞራት፤ ጎኗን አየ፣ ጣሪያዋን አየ፣ ኮፈኗ ላይ ቆመ።

«አንድ አለች» አለ። የመጀመሪያዋ በረዶ ያረፈችበት ቦታ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጎድጓዳ ነጥብ ነበረች። «ማርያም ስማታለች። ሠላሳው ቀን ሲያልቅ ይምጡና አጠፋታለሁ።»

«አታጥፋት» አለ በኃይሉ። «ትኑር።»

ከውስጥ ፓስተሩ ቃል ኪዳኑን ሲያስፈጽሙ፣ «ወንድም ቃለሕይወት፣ እህት ያኤልን ሚስትህ አድርገህ ትቀበላለህን?» አሉ። ቃለሕይወት አፉን ከፈተ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አስነጠሰ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ «ይማርህ!» አለ። ፓስተሩ ደገሙ፤ እሱም ደገመ። በሦስተኛው ያኤል መሐረቧን አፍንጫው ላይ ይዛለት «አዎን ብሏል!» አለች። «በደንብ አዎን!» አለ ቃለሕይወት ከመሐረቡ ሥር፣ ቤቱም በሳቅ ፈነዳ። ፓስተሩ መጽሐፋቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ።

ምሳው ተበላ፤ ጋሽ ገብረ መድኅን የላኩት አቮካዶም በስሎ ነበርና አንድ አልተረፈም። አሥር ሰዓት ሲሆን ሙሽሮቹ በቃለሕይወት ወንድም መኪና ወደ ሀዋሳ ተነሱ። ያኤል አባቷን አንገቱን አቅፋ «አባዬ፣ እንዴት ያለ ቀን ነበር!» አለችው። እሱም «ሂጂ፣ ሳይመሽባችሁ» አላት። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ቆሞ እጁን አወዛወዘ፤ ከታጠፈም በኋላ ትንሽ አወዛወዘ።

ከዚያ ከውብነሽ ጋር ሁለቱ ብቻቸውን ወደ መካኒሳ ተመለሱ። ሰማዩ ጠርቶ የምሽት ፀሐይ አስፋልቱን አብርቶታል። ውብነሽ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘርግታለች። በኃይሉ ወደ ቤታቸው መታጠፊያ ፍሬቻ ሲያሳይ እጁን ያዘችው።

«አትግባ።»

«ለምን?»

«ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ አሥራ አምስት እንግዳና አንድ ተራራ ድስት ነው። ዝም ብለህ ንዳ።»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ወደፊት!»

መታጠፊያውን አለፈው። መስኮቶቹን አወረዱ፤ ጽጌረዳዎቹ ከጣሪያው ላይ በነፋስ ይወዛወዛሉ፣ ቅጠላቸው እየተነቀለ በውብነሽ የተበተነ ጠጉር ላይ ያርፋል። በጎናቸው የመጣ ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ ወደ ውስጥ አየ፤ አበባውን አየ፣ ሁለቱን አየ።

«ሙሽሮች!» ብሎ ጮኸ። «እንኳን ደስ ያላችሁ!»

በኃይሉ እኛ አይደለንም ሊል ሲዘጋጅ ውብነሽ በመስኮቱ ወጥታ ነበር።

«አሜን!» አለች። «ለእናንተም ይድረሳችሁ!»

ሚኒባሱ ክላክሱን ነፋ። ከኋላ ያለው ፒክአፕ ተቀበለው፣ ከዚያ አንድ ቪትዝ፣ ከዚያ ባጃጆቹ ሁሉ። በኃይሉ ወደ ሚስቱ ዞሮ አያት። ከዚያ መዳፉን ክላክሱ ላይ ጥሎ አራተኛ ማርሽ አስገባ።